ጠማቂው ሥራ ላይ ሳለ መድረስ፦ በጉዞ ላይ የቢራ ጠመቃ ቤቶችን እንዴት እንጎብኝ?

በአንድ ቀን ሰባት የቢራ ጠመቃ ቤቶችን የዞርኩበት ጊዜ ነበር። ከሰባቱ ዛሬ የማስታውሰው የአንዱን መጸዳጃ ቤት የበር ቀለም ብቻ ነው። በሌላ ጉዞ ደግሞ አንድ ቤት ብቻ አይቼ ተመለስኩ። ስደርስ ጠማቂዋ ትኩሱን የገብስ አተላ በአካፋ እየዛቀች ታወጣለች፤ እንፋሎቱ መነጽሯን ጋርዶታል። ቀና ስትል አየችኝና እጇን በሽርጧ ጠርጋ ገና እርሾ ያልነካውን የብቅል ውሃ በትንሽ ብርጭቆ ቀድታ ሰጠችኝ። እንደ ማር ይጣፍጣል፤ ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይሸታል። ቢራ ከመሆኑ በፊት የቀመስኩት ያ አንድ ጉንጭ፣ ያን ጊዜ ድረስ የጠጣሁት ቢራ ሁሉ ያላስተማረኝን አስተማረኝ።

ልዩነቱን ያመጣው የቤቱ ዝና አልነበረም፤ የደረስኩበት ሰዓት ነው። ሰባቱን ያየኋቸው ሲሸጡ ነበር፤ ስምንተኛውን ያየሁት ሲሠራ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያችን የሥራ ሰዓት አግኝቶ ለመድረስና ከደረሱም በኋላ በወጉ ለመጠቀም የሚረዳ ነው።

1. ለአንድ ከተማ አንድ ቤት ምረጡ

ዝርዝር ማብዛት የጀማሪ በሽታ ነው። እኔ ቤቶቹን በሦስት ከፍዬ ነው የማያቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሌላው ዓለም የተወውን አሠራር ሙጥኝ ብለው የቆዩት ናቸው። በጀርመን ባምበርግ ከተማ ሽሌንከርላ የተባለው ቤት ብቅሉን የሚያደርቀው በቢች እንጨት ጭስ ላይ ነው። ድሮ ብቅል በእሳት ሲደርቅ ጭስ መጠጣቱ የማይቀር ነበር፤ በኋላ ጭስ የሌለው ሞቃት አየር ሲመጣ አብዛኛው ጠማቂ ወደዚያ ዞረ፣ እነዚህ ግን ባሉበት ቀሩ። ከእንጨት በርሜል በስበት ብቻ እየወረደ የሚቀዳው ጥቁር ቡናማ ቢራቸው የተጨሰ ሥጋ ይሸታል። በመጀመሪያው ጉንጭ ፊታችሁን ብታኮሳትሩ አትፈሩ፤ ሁሉም ያኮሳትራል። ፍርድ መስጠት ያለባችሁ ብርጭቆው ሲጋመስ ነው።

ሁለተኛዎቹ በዘመናችን ክራፍት ቢራ (ትንንሽ ነፃ ቤቶች የሚጠምቁት ቢራ) የሚለውን ስም ያገኙት ናቸው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሶኖማ ውስጥ ኒው አልቢዮን የተባለ ጥቃቅን ጠመቃ ቤት በ1976 ተቋቋመ (ዓመታቱንና ወራቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ብዙ ዓመት አልቆየም፤ ያየው ሰው ግን ትንሽ ሆኖም መጥመቅ እንደሚቻል ተማረ። በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅን የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ፤ በ1980 ደግሞ ሲየራ ኔቫዳ በቺኮ ከተማ ከወተት ማቀነባበሪያዎች በተገዛ አሮጌ ዕቃ የመጀመሪያ ቢራውን ጠመቀ። በደቡብ አፍሪካ ናይስና ሚቸልስ በ1983 ጀመረ። ጃፓን ውስጥ ለፈቃድ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ዓመታዊ ምርት እስከ 1994 ድረስ 2 ሚሊዮን ሊትር ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ 60 ሺህ ሊትር ሲወርድ በየክፍለ ሀገሩ ትንንሽ ጠማቂዎች ፈሉ። የእነዚህ ቤቶች ጥቅም ጠማቂው ራሱ ባንኮኒው ኋላ ሊገኝ መቻሉ ነው።

ሦስተኛዎቹ ለገበያ የማይጠምቁ ገበሬዎች ናቸው። በምዕራብ ኖርዌይ ክቬይክ የሚባል፣ ከቤተሰብ ወደ ቤተሰብ የሚተላለፍ እርሾ አለ። የተለመደው የኤል (ሞቅ ባለ ሙቀት የሚብላላ የቢራ ዓይነት) እርሾ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲመርጥ፣ ይህኛው 40 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ውስጥ ተጨምሮ በፍጥነት ይሠራል። ከጠመቃ እስከ ጠመቃ ለማቆየትም በእንጨት ቀለበት ወይም በጨርቅ ላይ ያደርቁታል። ግን እነዚህ የሰው መኖሪያ ቤቶች ናቸው። የሚያውቃቸው ሰው ካላስተዋወቃችሁ በር አታንኳኩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ከመጀመሪያው ወገን አንዱን ነው። ጥሩ ዘመናዊ ቢራ ዛሬ በብዙ ከተማ ይገኛል፤ ጭስ የጠጣውን ቢራ ከራሱ በርሜል ሥር ቆሞ መጠጣት ግን ባምበርግ መሄድን ይጠይቃል።

2. ወቅቱንና ቀኑን አስሉ

የአውሮፕላን ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት የሚሠራ ደረጃ ነው፤ አብዛኛው ሰው ግን ከገዛ በኋላ ያስታውሰዋል።

በብራስልስ ከተማ አንደርሌክት ሰፈር በ1900 የተቋቋመው ካንቲዮን ላምቢክ የሚባለውን ቢራ የሚጠምቀው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ብቻ ነው፤ በግምት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ። ምክንያቱም ይህ ቢራ እርሾ አይጨመርበትም። የፈላው የብቅል ውሃ ጣሪያው ሥር ባለ ጥልቀት የሌለው ሰፊ የመዳብ ገንዳ ላይ ይዘረጋና በአየር ላይ ያሉ እርሾዎችና ባክቴሪያዎች እንዲወርዱበት ሌሊቱን ተከፍቶ ያድራል። በሞቃቶቹ ወራት ቢሠራ ውሃው በጊዜ አይቀዘቅዝም፤ የሚያበላሹት ተሕዋስያንም ይበረታሉ። በሐምሌ ብትሄዱ ቤቱ ክፍት ነው፣ በርሜሎቹ አሉ፣ ገንዳው ግን ባዶ ነው።

ሆፕስ የሚባለው መራራ አበባ የሚለቀመውም በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ፣ ማለትም በጀርመን ሃለርታው፣ በቼክ ዣቴትስና በአሜሪካ ያኪማ ሸለቆ፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ነው። በኒውዚላንድ ኔልሰን ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት ይሆናል። በእነዚህ ሳምንታት አንዳንድ ጠማቂዎች ያልደረቀውን አበባ በተለቀመ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ጠመቃው ያስገባሉ። አዲስ የታጨደ ሣር የሚሸት፣ ቶሎ ካልተጠጣ ጣዕሙ የሚሸሽ ቢራ ነው፤ እኔ በግሌ ለዚህ ብቻ ጉዞ አዛውሬ አውቃለሁ።

ከሳምንቱ ቀናት ደግሞ ቅዳሜ የሻጩ ቀን ነው። ብዙ ትንንሽ ቤቶች የሚጠምቁት በሥራ ቀናት ማልደው ነው፤ የአንድ ቀን ጠመቃ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይወስዳል። ችግሩ፣ ብዙዎቹ የመጠጫ አዳራሻቸውን ሰኞና ማክሰኞ ይዘጋሉ። ሁለት ባቡር ቀይሬ፣ የመጨረሻውን መንገድ በዝናብ በእግሬ ተጉዤ የተቆለፈ በር ያገኘሁት ማክሰኞ ዕለት ነበር። በመስኮቱ ጠማቂው ሲሠራ ይታየኛል። ጠርቼው ቢሆን ምናልባት ያስገባኝ ነበር፤ ይሉኝታ ያዘኝና ተመለስኩ። ቀጥሎ ያለውን ደረጃ የተማርኩት ከዚያ በር ላይ ነው።

አንዳንዱ ቤት ደግሞ ሥራውን ለጎብኚ አያሳይም። ዌስትቭሌተረን የሚባለውን ቢራ የሚጠምቁት የቤልጅየሙ የቅዱስ ሲክስተስ ገዳም መነኮሳት ገዳማቸውንም ሆነ ጠመቃቸውን ለጎብኚ አይከፍቱም፤ ቢራውን በሣጥን ለመግዛት በኢንተርኔት አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። ከገዳሙ ፊት ለፊት ያለው ኢን ደ ቭሬደ የተባለው ካፌ ግን በብርጭቆ ያቀርባል። ሌላው የቤልጅየም የገዳም ጠመቃ ቤት ኦርቫልም የጠመቃ ክፍሎቹን ለሕዝብ የሚከፍተው በዓመት ለጥቂት ቀናት ነው። ይህን ሳያጣሩ በሩ ላይ ደርሶ መከራከር ለማንም አይጠቅምም።

3. ለጠማቂው አጭር መልእክት ላኩ

ትልልቆቹ ቤቶች የጉብኝት ቲኬት ይሸጣሉ፤ ገዝታችሁ ቀጥሉ። ለትንንሾቹ ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በፊት ጻፉላቸው። ረጅም አድናቆት አያስፈልግም። እኔ የምልከው ይህን ያህል ነው፦

«ከመስከረም 10 እስከ 13 በከተማችሁ እገኛለሁ። ብቻዬን ነኝ። በእነዚህ ቀናት የምትጠምቁበት ጠዋት ካለ፣ ሥራችሁን ሳላውክ ለግማሽ ሰዓት ቆሜ ባይ ደስ ይለኛል። የማይመች ከሆነ አዳራሹ ሲከፈት እመጣለሁ።»

የሚያሠራው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። እምቢ ለማለት ቀላል መንገድ የተሰጠው ሰው እሺ ለማለት አይከብደውም። ብዛታችሁን በትክክል ተናገሩ፤ ሁለት ነን ብሎ ስምንት ሆኖ መምጣት በር ያዘጋል።

4. ስትሄዱ

የተሸፈነ ጫማ አድርጉ። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ የፈላ ውሃና ቆዳ የሚልጥ የማጠቢያ ኬሚካል ይፈስበታል። ሽቶ አትቀቡ፤ የእናንተንም የሌላውንም አፍንጫ ያደነዝዛል። ምግብ በልታችሁ ሂዱ። ምድር ቤት ካለ በበጋም ቢሆን ሹራብ ያዙ። ፓስፖርት አትርሱ፤ ለመጠጣት የሚጠየቀው ዕድሜ በአሜሪካ 21፣ በጃፓን 20 ነው፣ ሽበት ያለውንም ሰው የሚጠይቁ አሉ። ወደ ማፍያ ጋን ጭንቅላታችሁን አታስገቡ፤ እርሾው የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጡ ይጠራቀማልና በጥቂት ትንፋሽ ራስን ያስታል።

5. ውስጥ ከገባችሁ በኋላ በአፍንጫ ተመሩ

አስጎብኚው ስለ ማሽኑ አቅም ሲያወራ ሊትሩን ለመያዝ አትድከሙ። ሽታውን ተከተሉ፤ የሥራውን ቅደም ተከተል ከማንም በላይ ይነግራችኋል።

መጀመሪያ የብቅሉ ጆንያ ዘንድ ሂዱና ጥቂት ፍሬ ለምናችሁ አኝኩ። ነጣ ያለው ብቅል ብስኩት ብስኩት ይላል፤ የተቆላው ቡና ወይም ቸኮላታ ይመስላል። የቢራው ቀለም ከዚህ ነው የሚመጣው። ቀጥሎ ድፍድፉ አለ፦ የተሰነጠቀው ብቅል በ65 ዲግሪ አካባቢ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ በብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። የሚሸተው ገንፎ ነው። ከዚያ ፈሳሹ ተጣርቶ ለአንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈላል፣ ሆፕሱም ይጨመራል፤ በዚያች ቅጽበት ክፍሉ በሙሉ ይለወጣል። ብርቱካን ልጣጭ፣ የጥድ ሙጫ፣ እርጥብ ሣር። በቦታው ካላችሁ ከካሜራ ይልቅ አፍንጫችሁን አቅርቡ፤ ያ መዓዛ በአብዛኛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፣ መራራነቱ ግን ይቀራል። ለዚህ ነው ጠማቂዎች ለመዓዛ የሚፈልጉትን ሆፕስ መጨረሻ ላይ ወይም ከቀዘቀዘ በኋላ የሚጨምሩት።

ማፍያው ክፍል ጸጥ ያለ ይመስላል። ከጋኑ ወጥቶ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ የተነከረ ቱቦ ፈልጉ። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ የሚል ከሆነ እርሾው እየበላ ነው፤ ቀስ ብሎ አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ እየጨረሰ ነው።

ካንቲዮን ከሄዱ ደግሞ በመዳቡ ገንዳ ዘንድ ቶሎ አትለፉ። ቀና ብላችሁ ጣሪያውን ተመልከቱ፤ አየር እንዲገባ የተተዉት ክፍተቶች ይታያሉ። ከበርሜሎቹ መካከል የሸረሪት ድር ካያችሁ ቸልተኝነት አይምሰላችሁ። ሸረሪቶቹ ሆን ተብሎ ነው የማይነኩት፤ ጣፋጩን ሽታ ተከትለው የሚመጡትን ዝንቦች ይበላሉ። በርሜሎቹ ውስጥ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ አለ፤ ጠማቂው እየቀመሰ ሲቀላቅላቸው ጉዝ የሚባለው ቢራ ይወጣል። ወጣቱ ያልተበላ ስኳር ያመጣል፣ እሱም ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ፈልቶ ጋዝ ይፈጥራል፤ ሽማግሌው ጥልቀቱን ያመጣል።

ጥያቄ የመጠየቂያ ጊዜ ሲደርስ «የትኛው ቢራችሁ ይሻላል?» አትበሉ። ስንት ጊዜ እንደተጠየቁት አስቡት። እኔ የምጠይቀው «ደፍታችሁት የምታውቁት ጠመቃ አለ?» ብዬ ነው። አንድ ጠማቂ ይህን ስጠይቀው ሳቀና ወንበር ሳበልኝ፤ ቴርሞሜትሩ ስለተበላሸበት ስላጣው ሁለት ሺህ ሊትር ሲያጫውተኝ ስለ ሙቀት በመጽሐፍ ካነበብኩት የበለጠ ገባኝ። የተደፋ ቢራ ታሪክም ይሠራል። በ1838 የቼኳ የፕልዘን ከተማ ሰዎች 36 በርሜል የተበላሸ ቢራ አደባባይ ላይ ደፉ። ከዚያ በኋላ አዲስ የጋራ ጠመቃ ቤት ሠሩና ከባቫሪያ ዮሴፍ ግሮል የሚባል ጠማቂ አመጡ። እሱ ጥቅምት 5 ቀን 1842 የጠመቀው ወርቃማ ላገር (በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚብላላ ቢራ) ዛሬ ዓለም ቢራ ሲል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት መጠጥ አባት ነው። የዚያ ቤት የዛሬ ባለቤት ትልቅ ኩባንያ ነው፤ ክራፍት ነው አይደለም ብሎ መከራከር ለሚወድ ይከራከር። እኔ የምሄደው ለምድር ቤቱ ነው። በጉብኝቱ መጨረሻ በቀዝቃዛው ዋሻ ውስጥ ካለ የባሉጥ እንጨት በርሜል ያልተጣራ፣ በሙቀት ያልታከመ ቢራ ይቀዳላችኋል። ጠርሙስ ውስጥ ካለው ጋር ስሙ አንድ ነው፤ ይህኛው ግን ደፍረስ ያለ፣ ለስላሳና ሙሉ ነው።

6. ስትቀምሱ

በትንሽ በትንሹ ብርጭቆ፣ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር፣ አራት ዓይነት እዘዙ። ከአራት በላይ ምላስ አይለይም፤ የሚለይ የሚመስለው ሞቅ ስላለው ነው። ከቀላል ወደ ከባድ ሂዱ፤ በጣም መራራውን፣ ኮምጣጣውንና የተጨሰውን መጨረሻ ላይ አድርጉ። በመካከል ውሃ ጠጡ። ከመጠጣት በፊት አሽትቱ፤ አረፋው ሳይሞት መሆን አለበት።

ጥፋት ለማወቅ ሦስት ሽታ ይበቃል። ለጋ ቅቤ የሚሸት ላገር ብዙውን ጊዜ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ተቻኩሎ የወጣ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ ያልታጠበ የድራፍት ቧንቧ ነው። የራሰ ካርቶን የሚሸተው ኦክስጅን የገባበት ያረጀ ቢራ ነው። ክፉ የአውሬ ጠረን ያለው ብርሃን የመታው ነው፤ ብርሃን የሆፕሱን መራራ ንጥረ ነገር ስለሚሰብረው በአረንጓዴና በነጭ ጠርሙስ ይበዛል። በጠማቂው ቤት ከሦስቱ አንዱን ብታገኙ ለብቻው ዝግ ብላችሁ ንገሩት። ጥሩ ጠማቂ ብርጭቆውን ተቀብሎ ራሱ ያሸተዋል።

ሦስት የአገር ልማዶች ተጓዥን ያሳስታሉ። በቼክ ቢራ ላይ የተጻፈው 10 ወይም 12 ዲግሪ የአልኮል መጠን አይደለም፤ እርሾ ከመጨመሩ በፊት በብቅሉ ውሃ ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን የሚያሳይ ነው። 12 ዲግሪው ከመቶ 5 ገደማ አልኮል አለው። በጀርመን ኮሎኝ ከተማ ኮልሽ የሚባለው የከተማው ቢራ የሚቀርበው ሁለት ዴሲ ሊትር በምትይዝ ቀጭን ብርጭቆ ነው፤ አስተናጋጁ ባዶ ሲያይ ሳይጠየቅ ሌላ ያስቀምጥና በብርጭቆ ማስቀመጫው ካርቶን ላይ በእርሳስ መስመር ያሰምራል። ይብቃኝ ለማለት ካርቶኑን ብርጭቆው ላይ መክደን ነው፤ ይህን ሳላውቅ እየጠጣሁ «አመሰግናለሁ» ስል ቆይቼ ስንት እንደሆነ የቆጠርኩት በካርቶኑ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ በእጅ ፓምፕ የሚቀዳው ኤል ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይቀርባል። ሞቀ ብላችሁ አትመልሱት፤ በዚያ ሙቀት እንዲጠጣ ነው የተሠራው።

7. መመለሻውን ከመሄዳችሁ በፊት አዘጋጁ

መኪና አትከራዩ። በቼክ ሪፐብሊክ ለአሽከርካሪ የሚፈቀደው አልኮል ዜሮ ነው። በጃፓን ከጠጣው አሽከርካሪ ሌላ መጠጡን ያቀረበለትና አውቆ አብሮት የተሳፈረም ይቀጣል። በጀርመን ብስክሌት የሚነዳ ሰክሮ ቢገኝም ወንጀል ሊሆንበት ይችላል። ብዙ ጥሩ ቤቶች ከከተማ ውጭ ናቸውና የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉ። ከሦስተኛው በኋላ የተነበበ የጉዞ ሰሌዳ አይታመንም።

8. ማስታወሻና ጠርሙስ

ያን ምሽት ሳትተኙ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ምን ሸተተኝ፣ ማን ምን አለኝ፣ ምን ጠየቅኩ። የቢራውን ስም ፎቶ ይይዝላችኋል።

ጠርሙስ ለማምጣት ከፈለጋችሁ በእጅ ሻንጣ አይሆንም፤ በአብዛኛው አውሮፕላን ማረፊያ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አይታለፍም። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ የአልኮል መጠኑ ከመቶ 24 የማይበልጥ መጠጥ የበረራ ደኅንነት ገደብ የለበትም፤ የምትደርሱበት አገር ጉምሩክ ግን የራሱ ልክ አለው። እያንዳንዱን ጠርሙስ በፕላስቲክ ከረጢት አስራችሁ በወፍራም ካልሲ ውስጥ ክተቱ፤ በሻንጣው መሐል፣ በልብስ ተከቦ ይቀመጥ። ጫማ አጠገብ አታድርጉ። አንድ ጊዜ የተሰበረብኝ የቼሪ ላምቢክ ሸሚዞቼን በሙሉ ሐምራዊ ቀለም አስይዞልኛል።

ምን እንደምታመጡም ምረጡ። ሆፕስ የበዛበት ቢራ በሳምንታት ውስጥ መዓዛው ይወርዳልና እዚያው ጠጥታችሁት ኑ። ጉዝ ግን በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ለዓመታት ይቆያል። ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ ጥቂት ቀን በፊት አቁሙት፣ አተላው ይዘቅጣል። ስትቀዱም እጃችሁን ሳታወዛውዙ፣ አተላው አንገቱ ዘንድ እስኪደርስ ብቻ ቅዱ።